ሐኪሙ ያልከለከለው ዳቦ

አንዲት ሴት ነበረች። አርሲ ውስጥ፣ ዙሪያዋ በስንዴ ማሳ በታጠረ ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ በልጇ ስም «የረድኤት እናት» ይሏታል።

ይህች ሴት ዳቦ ትጋግር ነበር። ለሽያጭ አልነበረም፤ ለዓመት በዓልና ለማርያም ማኅበር ነው። አጋገሯን በዝርዝር ልንገራችሁ። በኋላ የጠፋው ምን እንደሆነ የምታውቁት መጀመሪያ የነበረውን ስታውቁ ነውና።

ስንዴውን ራሷ ትለቅማለች። ዱቄቱን መዳፏ ላይ አሻሽታ ሳታየው ወደ ወንፊት አይገባም። ሊጡን ማታ ታቦካለች። ጠዋት ክዳኑን አንሥታ በአንድ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ገና ነው፣ ቀስ እያለ ከሞላ ደርሷል። ካልደረሰ ትጠብቃለች። እንግዳ በር ላይ ቢቆምም ትጠብቃለች። ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ታነጥፋለች፣ ሊጡን ታሳርፍበታለች፣ በቅጠሉ ትሸፍነዋለች። እሳቱ ከታች፣ ፍሙ ከላይ በብረቱ ክዳን ላይ። መብሰሉን የምታውቀው በሽታው ነው።

ዳቦው ሲወጣ ከፍታው አንድ ስንዝር ይሆናል። ማኅበርተኞቹ ከመቆረሱ በፊት አንድ ጨዋታ ነበራቸው፦ በመዳፋቸው ጫን አድርገው ይለቁትና ተመልሶ ሲነሣ ያያሉ። «የረድኤት እናት ዳቦ ላይ ሕፃን ቢያስተኙበት እስከ ነገ አይነቃም» ይሉ ነበር።

እሷስ? እሷ ዝምተኛ ሴት ናት። ሊጥ ስታሽ ብቻ ታንጎራጉራለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ አስካለ በአጥሩ በኩል ሰምታ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትጋግሪ ነው?» ትላታለች። እንጉርጉሮው ከተሰማ ሊጥ አለ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር።

ልጅቷ ግን አላድግ አለች።

ሆዷ ይነፋል፣ እግሯ ይቀጥናል፣ ተቅማጡ አይለቃትም። የትል መድኃኒት ሰጧት፤ ትንሽ ተሻላት ሲሉ መልሶ ጣላት። ጸበል ወሰዷት። እኩዮቿ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሷ ገና እናቷ ጀርባ ላይ ናት።

ልጅ ስትከሳ እናት ምን ታደርጋለች? ታበላለች። ምን ታበላለች? ካላት ሁሉ የተሻለውን። ይህች ሴት ካላት ሁሉ የተሻለው ዳቦዋ ነበር። ቅርፊቱን እየላጠች፣ የመሐሉን ለስላሳ እየመረጠች፣ በሻይ እያራሰች ታጎርሳታለች። ልጅቷ እንቢ ስትል «ለእማ አንድ ጉርሻ» ትላታለች። ልጅቷም ለእማ ብላ ትጎርሳለች።

ስድስት ዓመት ሲሞላት አዲስ አበባ ወሰዷት። አንድ ሐኪም ደሟን አስመረመረ፣ ከአንጀቷም ናሙና አስወሰደ። ከዚያ እናትየዋን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ነገራት።

«እናት፣ ልጅዎ ስንዴና ገብስ አይስማማትም። ውስጣቸው ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እኔንና እርስዎን ምንም አያደርገንም፤ የእሷን አንጀት ግን ያቆስለዋል። ዕድሜዋን ሙሉ አትቅመስ።»

«ትንሽስ?»

«ፍርፋሪም ቢሆን።»

«እኔ ነኝ ያበላኋት» አለች።

«አላወቁም። እኛም እኮ ለማወቅ ይሄን ያህል ጊዜ ፈጀብን። አሁን ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ቡላ፣ ይሄን ሁሉ ትብላ። የሚያስደስታትን ይሥሩላት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ሴትየዋ በጆሮዋ ሰምታታለች። ወደ ልቧ ግን አልገባችም። «እኔ ነኝ ያበላኋት» ካለች በኋላ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበራትም።

አገሯ እንደተመለሰች ቤቷን ገለበጠችው። ዱቄቱን አወጣች። ወንፊቱን፣ ማቡኪያውን፣ ስንዴ የነካውን ሁሉ አወጣች። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበረች። ጤፏን የምታስፈጨው የጤፍ መፍጫ ለብቻው ካለበት ወፍጮ ቤት ሆነ። የልጅቷን ሳህን ለየች። አንድም ነገር አላጎደለችም።

ወይዘሮ አስካለ ዱቄቱን ስትረከብ «ይሄን ሁሉ? ለባልሽስ? ለማኅበሩስ?» አለቻት።

«ልጄ የማትበላውን እኔ ቤት ማንም አይበላም።»

«እሺ፣ ስንዴው ይቅር። በሌላ እህል ትጋግሪያለሽ።»

«ያ ዳቦ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ዳቦ የሚባል አይጋገርም። ግዝት ይሁንብኝ።»

አስካለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ከዚያም ሄዳ ለሰፈሩ ነገረች።

ወገኖቼ፣ ሰፈሩ ምን ያለ ይመስላችኋል? «አበዛችው» አለ? አላለም። «እናት ማለት እሷ ናት» አለ። በማኅበሩ የእሷ ተራ ሲደርስ ዳቦውን ሌላ ሰው ጋግሮ ያመጣል፤ እሷ ወጡንና እንጀራውን ታቀርባለች። በዚያ ቀን ስለ እሷ የማይናገር የለም። ትንሿን ልጅ ይጠሯትና አገጯን ይዘው «አንቺ፣ እናትሽ ላንቺ ስትል ስንቱን ነገር እንደተወች ታውቂያለሽ? ውለታዋን እንዳትረሺ» ይሏታል። ልጅቷም «እሺ» ትላለች።

በቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው እየጨፈሩ በየቤቱ ሲዞሩ፣ እነ ረድኤት በር ላይ ሲደርሱ አንዱ ትልቅ ልጅ «እዚህ ቤት ሙልሙል የለም፣ እለፉ» ይላል። ያልፋሉ። ዘፈናቸው ከዚህኛው አጥር ወደዚያኛው አጥር ሲሻገር ልጅቷ በመስኮት ታያለች። እናትየዋ በሚቀጥለው ዓመት በቡሄ ቀን ገና ሳይመሽ መስኮቱን ዘጋች። ልጄ እንዳይከፋት ብላ ነው። ልጅቷ ግን መስኮቱ በእኔ የተነሣ ተዘጋ ብላ ነው የተረዳችው።

ልጅቷ ዳነች። ይህን መደበቅ አይገባም። ሥጋ ለበሰች፣ ቁመቷ ተመዘዘ፣ በትምህርቷ ጎበዝ ሆነች። እናትየዋ በዓይኗ የምታየውን ሁሉ በትክክል ታይ ነበር። ልጅቷ ሰው ቤት ዳቦ ሲቀርብ ቀስ ብላ ከገበታው እንደምትነሣ አየች። አዲስ ልብስ ሲገዛላት «አሮጌው ይበቃኛል» እንደምትል አየች። ልደቷ ሲደርስ ምን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ «ምንም» ብላ እንደምትመልስ አየች። ይህን ሁሉ አይታ «ልጄ ጨዋ ናት፣ ሆዳም አይደለችም» ብላ አመሰገነች።

ያየችው ልክ ነበር። ትርጉሙን ነው የሳተችው።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ፈተናውን አለፈች፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የመሄጃዋ ጊዜ ሲቀርብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ለቅሶ ቤቱ ተጨናንቆ ስለነበር ቶሎ ተመለሰች። ግቢው ስትገባ ከጓሮ ማዕድ ቤት ጭስ ይወጣል። የኮባ ቅጠል ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቁታላችሁ። እሷም አወቀችው። በሩን ገፋችው።

ልጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ናት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መጣሽ እንዴ? እዚያ የምትቆዪ መስሎኝ።»

«ምንድነው ይሄ?»

«የጤፍና የበቆሎ ዱቄት ነው። ስንዴ የለበትም እማ፣ በማርያም። ያስፈጨሁትም የጤፉ ላይ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ልጅቷ ዱቄቱን ከእጇ ማራገፍ ጀመረች። «ግዝትሽን አፈረስኩብሽ። ይቅርታ። ልሄድ ነው ብዬ ነው።»

«ብትሄጂስ?»

«እኔ ስሄድ መጋገር ትጀምሪያለሽ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው አትጀምሪም። ለእኔ ብለሽ ነው የተውሽው። እኔ ብሄድም ለእኔ ብለሽ ትተዪዋለሽ። እና እኔ ልበላው የምችለው ዳቦ ከተገኘ የምትተዪበት ምክንያት አይኖርም ብዬ ነው። ከመሄዴ በፊት።»

«ላንቺ ብላ ነው የተወችው ያለሽ ማነው?»

«ያላለኝ ማነው? እትዬ አስካለ በየማኅበሩ ነው የምትነግረኝ።» ዱቄቱን ማራገፏን አቆመች። «እማ፣ ልጅ ሆኜ ዳቦ የቀረብኝ እኔ ብቻ መሰለኝ። ለካ የቀረው ለሁላችሁም ነው። አባዬ መንገድ ላይ ዳቦ ከበላ አፉን ተጉመጥምጦ እንደሚገባ ታውቂያለሽ? በር ላይ፣ ከመኪናው ጀሪካን። አይቼዋለሁ። በእኔ ምክንያት ሰው ዳቦ ሰርቆ ይበላል።»

እናትየዋ ምጣዱን ከፈተች። ውስጡ ያለው ዳቦ መሐል ለመሐል ተከፍሎ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በጣቷ ስትነካው ወደ ዱቄትነት ተመለሰ። ከዚያ የልጇን እጅ ያዘች። የእጇ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አንዱ የዛሬ ነው፣ ገና ቀልቷል። ሌላው ነጥቷል፤ የቆየ ነው።

«ይሄኛው መቼ ነው?»

«አሥረኛ ክፍል እያለሁ። ጓደኛዬ ማርታ ቤት ሞክሬ ነበር።»

«ተጋገረልሽ?»

«አልተጋገረም።»

እስቲ አስቡት። ይህቺ ሴት ዳቦ መጋገርን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ልጇ ደግሞ ዳቦ ለመጋገር ሰው ቤት ሄዳ እጇን ታቃጥላለች። በሁለቱ መሐል ያለው አንድ በር ነበር። ያንን በር የዘጋው ማነው? በሽታው ነው? ሐኪሙ ነው?

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ጥበቡ ሄደች። መምሬ ጥበቡ ሽማግሌ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የዝግባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ከግዝት ይፍቱኝ።»

«ማን ገዘተሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«መቼ ቀስሰሽ ነው?»

እሷ አልሳቀችም። እሳቸውም ፊታቸውን ሰበሰቡ። «በይ ንገሪኝ፣ ምን ብለሽ ነው?»

«ልጄ ስትታመም፣ በቤቴ ዳቦ አይጋገርም ብዬ።»

«ሐኪሙ የከለከለው ምን ነበር?»

«ስንዴና ገብስ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሌላውን ትብላ ነው ያለው። የሚያስደስታትን ሥሩላት ብሎኝ ነበር።»

ይህን ስትናገር ቆም አለች። ከአፏ ሲወጣ ገና አሁን እንደሰማችው ሁሉ።

«ታዲያ ዳቦን የከለከለው ማነው?»

እጆቿን እያየች ተናገረች። «እኔ አበላኋት አባ። እየከሳች፣ እንቢ እያለች፣ ለእማ እያልኩ አጎረስኳት። ከዚያ በኋላ በዚህ እጄ ሊጥ ነክቼ ደስ ሊለኝ ነው? እንዴት ብሎ?»

«ስለዚህ ራስሽን ስትቀጪ ኖርሽ።»

«አዎ አባ።»

«ልጅቷስ ምን አጥፍታ ነው አብራሽ የተቀጣችው?»

አለቀሰች። መምሬ ጥበቡ እንባዋ ሲያልቅ መስቀላቸውን አሳለሟት።

«ግዝት የሚሉት አልነበረብሽም። ያለብሽ ኀዘን ነው። ግዝት የሚል ስም አወጣሽለትና ማንም የማይነካው ሆነ። አሁን ቀኖናሽን ስሚ።»

«ስንት ልስገድ?»

«ስግደት ብሰጥሽማ ደስታሽ ነው። ሰግደሽ ታርፊያለሽ። ሂጂና ከልጅሽ ጋር ዳቦ ጋግሪ። እሷ ታዛለች፣ አንቺ ትታዘዣለሽ። ደስ እስኪልሽ ድረስ።»

«ደስ ባይለኝስ?»

«ቀኖናውን አልጨረስሽማ።»

በማግሥቱ እናትና ልጅ ማዕድ ቤት ገቡ። እናትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡን ማሸት ጀመረች። የጤፍ፣ የሩዝና የቡላ ዱቄት ነው። እጇ የሚያውቀውን ፈለገ፤ የሚሳብ፣ የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚሰበሰብ ነገር። አላገኘም። ሊጡ በጣቶቿ መሐል እንደ እርጥብ አሸዋ ያልፋል። እሷም የባሰ ታሻለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያሸሁት ነዋ።»

«ይሄ አይታሽም እኮ። ብታሺውም ባታሺውም አይሰማም።»

«ደንቆሮ ነው በይኛ።»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየዋም ሳቀች። ያ ዳቦ ሲወጣ ፈረሰ።

ሁለተኛውን እንደ ዱሮው ማታ አቦክታ አሳደረችው። ልጅቷ «ብዙ አይቆይም መሰለኝ» ብላት ነበር፤ እናትየዋ «ዳቦ ካላደረ ዳቦ አይሆንም» አለች። ጠዋት ክዳኑን ሲያነሡ ሊጡ ተነሥቶ እንደነበረ ሳፋው ዳር ላይ ምልክቱ አለ። ግን ወርዷል። መሐሉ ጎድጉዷል። ሊጡ በሌሊት ደርሶ ነበር፤ ማንም ስላልመጣ ተመልሶ ወደቀ።

ሴትየዋ ያንን የሊጥ ምልክት ለረጅም ጊዜ አየችው። የስንዴን ጠባይ ስለምታውቅ የዚህንም ጠባይ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ስንዴ ሲጠብቁት ይታገሣል። የሚይዘው ነገር ውስጡ አለ። ይህኛው ግን አይጠብቅም። ሲነሣ ደርሰህበት እሳት ላይ ካልጣድከው በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ደግመህ ብታማስለው ያንን መነሣት አይነሣም።

ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ተልባ አመጣች። ተልባው ተወቅጦ በሞቀ ውኃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ንፍጥ የመሰለ ነገር ሊጡን ያያይዘዋል ብላ ነው። ያያዘውም መሰለ። ግን ከላይ የተደረገው ፍም በዝቶ ቅርፊቱ ሲያር ውስጡ ጥሬ ቀረ። ሲቆርሱት እንደ ገንፎ ፈሰሰ። እናትየዋ አልተናደደችም። ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ዳቦ በቢላ እየከፈተች የት ድረስ እንደበሰለ አየች፤ በጣቷ ለካች። «ፍሙ መቀነስ አለበት። ሊጡም ቀጠን ብሎ ይዘርጋ» አለች። ልጅቷ አየቻት። እናቷ ፊት ላይ የማታውቀው ነገር አለ።

አራተኛውን ሲሠሩ እናትየዋ ሊጡን በእንጨት ማማሰያ እየመታች፣ ሳታውቀው ማንጎራጎር ጀመረች።

ልጅቷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማች። «ይሄ ምን መዝሙር ነው?»

«የቱ?»

«አሁን የምትዪው።»

እናትየዋ ማማሰያዋን አቆመች። ይህ እንጉርጉሮ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አስካለ በአጥሩ በኩል ታውቀዋለች። ባሏ ያውቀዋል። የማታውቀው አንድ ሰው ልጇ ብቻ ናት፤ ሲቋረጥ ገና ሕፃን ነበረች።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት በሕይወቷ ብዙ አልቅሳለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያን ጊዜ አለማልቀሴ ነው ብላለች። ሊጡ ሊነሣ ነበር፤ ሲነሣ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ኮባውን አነጠፈች።

ዳቦው ያዘ። ከፍ አላለም፤ ግን አልፈረሰም። ቢላው ሲገባበት ተቆረሰ። ወይዘሮ አስካለን ጠሯት። ቁራሿን እያገላበጠች አየችና «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የአምባሻ የእህት ልጅ?» አለች። ቀመሰችው። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። «ለመሆኑ ይሄ ይቻል ነበር እንዴ?» አለች።

አስካለም ጥያቄዋ የት እንደወደቀ ገባት። ልጅቷን አይታ «እኔም በየማኅበሩ ልብሽን ስበላው ኖርኩ አይደል?» አለች። ልጅቷም «ዳቦ ስላልነበረ ነዋ እትዬ» አለቻት።

አምስተኛው የመሸኛው ነው። አባትየው መኪናውን አቁሞ መጥቷል። መምሬ ጥበቡ ባርከው ቆረሱት። አባትየው ቁራሹን ይዞ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፤ ቤቱ ውስጥ፣ በእነሱ ፊት ጎረሰ። የተረፈውን ግማሽ በንጹሕ ጨርቅ አሥረው ሻንጣዋ ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ «መንገድ ላይ ይፈራርሳል» አለች። እናትየዋም «ይፈራርስ፣ በማንኪያ ትበዪዋለሽ» አለቻት። በንጋታው ልጅቷ ሄደች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተ ቤት ውስጥ የቀረው ምንድነው? ባለቤቱ ከሞተ ጀምሮ በቤቱ በዓል እንዳይከበር ያደረገ አባት እዚህ መሐላችን ይኖር ይሆናል። «ለእሷ ክብር ነው» ይላል። ልጆቹ በጥምቀት ቀን ጎረቤት ሄደው ይውላሉ። እናታቸውን አጥተዋል፤ እሱ ደግሞ በዓልን ጨመረባቸው። ድምፅዋ እንደ ዱሮው አልሆን ስላለ መዘመር የተወች እህት ትኖር ይሆናል። ሐኪሟ «ዝቅ ባለ ድምፅ ዘምሪ» ብሏታል። እሷ ግን ከፍ ያለውን ታስታውሳለች፤ ዝቅ ያለውን ናቀችው። ቤቱ ስለጠበበ እንግዳ መጥራት የተወው፣ እግሩ ስለተሰበረ ልጁን ይዞ መውጣት የተወው፣ እናንተ የራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከእጃችሁ የተወሰደባችሁ ምን ያህል ነው? እናንተ ራሳችሁ የጨመራችሁበትስ? ለዩት። ሐኪሙ ስንዴ አለ፤ ሴትየዋ ዳቦ አለች። እግዚአብሔር አንድ ነገር ሲወስድብን እኛ ተናደን የቀረውን እንጥለዋለን። ከዚያ ለጣልነው ነገር መሥዋዕት የሚል ስም እናወጣለን። ሰውም ያመሰግነናል። በማን ላይ እንደጣልነው ግን ዞረን አናይም።

አንቺ እናት፣ «ለልጆቼ ስል» የምትይው ነገር አለ። ልጆችሽን ጠይቀሻቸዋል? ለእነሱ ብለሽ ደስታ ስታጪ፣ እነሱ በየቀኑ የሚያዩት የጠፋ ደስታሽን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ እኛ ነን ብለው ያድጋሉ። ይህን ሸክም ልጅን ማሸከም ፍቅር ይመስልሻል?

እኛ አመስጋኞቹስ? በየማኅበሩ የልጅ አገጭ ይዘን «ውለታዋን እንዳትረሺ» የምንል እኛ? ያቺ ልጅ አልረሳችም። ችግሩ አለመርሳቷ ነበር።

ደግሞ በጥፋታችሁ ራሳችሁን የምትቀጡ አላችሁ። ሳታውቁ ያጎረሳችሁት ነገር አለ። ንስሐ ግቡ። ከዚያ ተነሡ። ቅጣታችሁን ስታራዝሙ አጠገባችሁ ያለ ሰው አብሯችሁ ይቀጣልና።

ሴትየዋ ዛሬም ትጋግራለች። ማኅበሩ በእሷ ተራ ዳቦ የሚያመጣላት አይፈልግም። እጇ ያንን ሊጥ ለምዶታል፤ መነሣቱን በድምፁ ጭምር ታውቃለች ይባላል። ደስ ይላታል። ደስ ሲላት ግን ማዕድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት። ልጅቷ ትደውላለች፣ ለበዓል ስትችል ትመጣለች፤ ተመርቃ ሥራ የያዘችው እዚያው ጅማ ነው፤ ትዳሯም እዚያው ነው። የልጅነት ዘመን ሊጥ ነው፤ አንዴ ሲነሣ ካልተደረሰበት ደግሞ አይነሣም።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሊጡ የት እንደደረሰ እዩ። ነገ አትበሉ። እንደ ዱሮው ከፍ እስኪል አትጠብቁ። ዝቅ ያለውን ዳቦ ዛሬ ጋግሩት፣ ሰዎቹ ቤት ውስጥ እያሉ።

የልጅቷ በሽታ ከታወቀበት ቀን እሷ ከቤት እስከ ወጣችበት ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናትና ልጅ አብረው የጋገሩት ዳቦ አምስት ነው። ሦስቱ አልሆኑም። ሁለቱ ተቆረሱ።